ምክር ያለበት መጽሐፍ

ባለፈው ሰሞን በአራት ኪሎ ከአንድ የመጻሕፍት መደብር ገብቼ የምሻውን ሳገላብጥ፣ አንዲት እናት የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጃቸውን እጁን ይዘው ገቡና ለሻጩ «ለልጄ ምክር ያለበት መጽሐፍ ስጠኝ» አሉት። እርሱም ሳያመነታ፣ በእያንዳንዱ ተረት መጨረሻ «ልጆች ሆይ» የሚል ተግሣጽ በደማቁ የታተመበትን አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወረደላቸው፤ እርሳቸውም ተረቱን እየዘለሉ ተግሣጹን ብቻ በየገጹ ካነበቡ በኋላ፣ ደስ ብሏቸው ሒሳቡን ከፍለው ወጡ። ልጁ ግን የተገዛለትን መጽሐፍ ዘወር ብሎም አላየው፤ ዓይኑ የቀረው ከታችኛው መደርደሪያ፣ ሽፋኑ ላይ አዞ ከተሳለበት ከሌላው መጽሐፍ ላይ ነበር።

እኒህን እናት ለመንቀፍ አልደፍርም፤ ለልጅ መጽሐፍ መምረጥ ለእኛ ገና አዲስ ሥራ ነውና። በአባቶቻችን ዘመን ምርጫው ያለቀው ሕፃኑ ሳይወለድ ነበር፤ ይኸውም ወደ የኔታ የተላከ ብላቴና ሁሉ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ በመልእክተ ዮሐንስ አፉን ካፍታታ በኋላ የሚጠብቀው መጽሐፍ ዳዊት ስለ ነበረ፣ አባት «የትኛውን ልግዛለት» ብሎ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም። ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብ ዐወቀ ይባላል፤ ነገር ግን ያነበበው በግዕዝ ነውና ምሥጢሩን የሚያገኘው ቆይቶ፣ ያውም ዕድል ቀንቶት ከትርጓሜ ቤት ከገባ ነበር። የዛሬው ወላጅ ደግሞ በመቶ ዐይነት ቀለም ባጌጠ መደርደሪያ ፊት ያለ የኔታ ብቻውን ስለሚቆም፣ ከአባቶቹ የወረሰውን አንዱን መስፈሪያ፣ ማለት ምክርን፣ ያነሣል።

ምክር ወዳድ ሕዝብ መሆናችን የሚያሳፍር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከጻፏቸው መጻሕፍት አንዱን «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ብለው ሰይመውታል፤ ከበደ ሚካኤልም በ«ታሪክና ምሳሌ» ግብረ ገብነትን ከታሪክ ጋር አዋሕደው ለብዙ ትውልድ ተማሪ አቅርበዋል። ይሁን እንጂ እኔ ራሴ ከከበደ ሚካኤል ግጥሞች እስከ ዛሬ በዓይነ ኅሊናዬ የማየው፣ የሞላ ወንዝ በመሰንቆው ሊያባብል ከዳር የቆመውን ያን አዝማሪ ነው፤ ምክሩን የማገኘው እርሱን ካየሁ በኋላ ነው፣ በየዕድሜዬም እየተለወጠ መጥቷል።

በዚህ ነገር የትርጓሜ ሊቃውንታችን ከዘመናችን የሕፃናት መጻሕፍት ደራስያን ይልቅ ለአንባቢ ልብ ለጋሶች ነበሩ። አንድ ኃይለ ቃል ሲያነሡ «አንድም» ብለው አንድ ፍች ይሰጣሉ፤ መልሰው «አንድም» ብለው ከፊተኛው የራቀ ሌላ ፍች ያመጣሉ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አኑረው፣ ተማሪው ሲያድግ ያመላልሰው ብለው ያልፋሉ። ለመዝሙረ ዳዊት ሁለትና ሦስት ፍች ስንፈቅድ፣ ለአህያና ለጅብ ተረት አንዲት ተግሣጽ ብቻ ፈቅደን በሩን የምንዘጋው ስለ ምንድን ነው?

ድርቅ በገባ ጊዜ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው ኃጢአታቸውን የተናዘዙበትን ተረት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። አገላለጹ እንደ ተራኪው ቢለያይም፣ ሦስቱ አውሬዎች የሰው ከብት መብላታቸውን ሲናገሩ «ይህስ ኃጢአት አይባልም» ተባባሉ፤ አህያይቱ ግን ጌታዋ ከመንገደኛ ጋር ሲጨዋወት ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መንጨቷን ባመነች ጊዜ «ዝናቡን ያስቀረብን ይህ ነው» ብለው በሏት። አንድም፣ ደካማ በኃያላን ሸንጎ ፍርድ አያገኝም። አንድም፣ በዳዩ ዳኛ በሆነበት ቦታ ኑዛዜ ወጥመድ ነው። አንድም፣ አህያይቱ እውነት ተናግራ ሞተች እንጂ ከመካከላቸው ንጹሕ እርሷ ብቻ ነበረች። የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ደግሞ እኔ ያላሰብሁትን አራተኛ አመጣ፤ «አባባ፣ ከበሏት በኋላስ ዘነበ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልጅ ከወጣኒነት ወደ ማእከላዊነት ሲሻገር፣ ይኸውም ዐሥራ ሦስት ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው፣ የወላጅ ፍርሃት መልኩን ይለውጣል፤ ከእንግዲህ የሚፈለገው ኀዘንና ፍቅር የሌለበት መጽሐፍ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት እጨጌ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበረላምና የይዋሴፍ መጽሐፍ ይህን ፍርሃት አስቀድሞ ያውቀዋል። ንጉሡ ልጁ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በተዋበ እልፍኝ ዘግቶ አሳደገው፤ ልጁ ግን ከዕለታት አንድ ቀን ወጥቶ ድውዩንና ሽማግሌውን ባየ ጊዜ ለጠየቀው ጥያቄ የሚያጠግብ መልስ በአባቱ ቤት አላገኘም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዐሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው የሚሰውሩ ወላጆች አጋጥመውኛል፤ ያስፈራቸውም ከርእሱ ፍቅር የሚለው ቃል እንጂ መቃብር የሚለው አልነበረም። በዛብህ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው፤ አባትና እናት የተሳሉት ስለት ልጁን ያስረዋልን? በዐሥራ አምስት ዓመቱ ይህን ያልጠየቀ ልጅ በስንት ዓመቱ ሊጠይቅ ነው? መጽሐፉ ረዘመ የሚል ቢኖር፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሰው ሁሉ ሥራውን እያቆመ ያዳምጠው እንደ ነበረ ያስታውስ።

ስለ ዕውቀት መጻሕፍት ግን ሚዛኔ ሌላ ነው፤ በተረት አንድም ብዬ የለገስሁትን በዚህ እነፍጋለሁ። በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ፣ የአንበሳ ግልገል ሙቶ ይወለዳል፣ በሦስተኛው ቀን አባቱ እፍ ሲልበት ይነሣል ይላል፤ ለምሥጢረ ትንሣኤ ምሳሌነቱ ያማረ ነው፣ ለአንበሳ ግን እውነት አይደለም። ዛሬም ያማረ ነገር እውነት የሚመስላቸው የልጆች መጻሕፍት በገበያ ሞልተዋል። ስለ ድንቅነሽ የሚጽፍ ሰው «የሰው ዘር መገኛ ነን» ብሎ ገጹን በኩራት ቢሞላው ልጁ ኩራቱን ይወስዳል፤ ዕውቀቱ ግን ቀረበት። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር በሚባል ስፍራ የተገኘችው የዚህች ፍጥረት አጥንት ከመላ አካሏ 40 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ከኖረበት ዐፈር የወጣው ይህ ስብርባሪ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደ ነበረ በምን ተናገረ? የጭን አጥንት ወደ ጉልበት ዘንበል ብሎ መውረዱ፣ የዳሌዋም ቅርጽ መሰከረ። ይህን የሚያስረዳ መጽሐፍ ያገኘ ልጅ በማግሥቱ የራሱን ጉልበት እየዳበሰ ሲሄድ ታገኙታላችሁ። ከበደ ሚካኤል ስለ ጃፓን በጻፉት መጽሐፍ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ማለታቸውን ሁልጊዜ የማደንቀው ስለዚህ ነው፤ እንደምን የሚለው ቃል ከሽፋኑ ላይ ተቀምጧል።

ፊደል ስለ ገደፉ፣ ሥዕላቸው ከታሪኩ ጋር ስለ ተጣላ መጻሕፍት ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ እርሱን ግን ማንም ወላጅ በዓይኑ አይቶ ይመልሰዋል።

ያን የአውሬዎች ኑዛዜ ለልጅ ልጄ የማነብለት፣ እኔም ሳላስተውል ከገዛሁት ተግሣጽ ካለበት መጽሐፍ ስለ ሆነ፣ ከገጹ ግርጌ ስደርስ የመጨረሻውን መስመር በአውራ ጣቴ እሸፍነው ነበር። ዘንድሮ ፊደል ለየና ባለፈው እሑድ ማታ ጣቴን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ «ልጆች ሆይ፣ ጥፋታችሁን ለታላላቆቻችሁ ከመናገር አትፈሩ» የሚለውን እየተንተባተበ አነበበው። ጥቂት ዝም አለና ቀና ብሎ፣

«አባባ፣ ይኼን ያለው ጅቡ ነው?» አለኝ።