አኳሪየሙ በምን ላይ ይቀመጥ?

በሆጤም ሆነ በኮምቦልቻ አንዳንድ ቤቶች ልጆች የጌጥ ዓሣ ካልተገዛልን እያሉ ወላጆችን ሲወተውቱ እንሰማለን፡፡ ስለሆነም በዚህ ወር ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ሊታሰብበት ስለሚገባው ነገር፣ ይኸውም ስለ አኳሪየሙ መቆሚያ እንነጋገራለን፡፡

በመጀመሪያ ነገሩ የተፈቀደ ነውን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአነስን ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይርን ስለሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ይጠይቁት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል፡፡ ዑለማዎችም ከዚህ ተነሥተው፣ መብሉና መጠጡ እስካልተጓደለበት ድረስ እንስሳን በቤት ማኖር እንደሚቻል አስረድተዋል፡፡ በአንጻሩ ድመትን አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት እንደተቀጣች እናውቃለን፡፡ እንግዲህ ዓሣውም አማና ነው፡፡

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ፡፡ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፡፡ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 36 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 65 ሊትር ያህል ይይዛል፡፡ መስተዋቱና ጠጠሩ ሲታከሉበት 80 ኪሎ ገደማ ይሆናል፡፡ ይህም ማለት አንድ ጎልማሳ ሰው ሌትና ቀን ከቡፌያችን ላይ ሳይወርድ ተቀምጧል ማለት ነው፡፡ የቺፑድ ቡፌ ይህን አይችልም፤ ውሃ ሲንጠባጠብበት ያብጣል፣ ቆይቶም ይፈረካከሳል፡፡ እግረ ቀጭን ጠረጴዛና የቴሌቪዥን ማስቀመጫም እንዲሁ ናቸው፡፡ ልጅ ተንጠልጥሎ ቢስበው የሚወድቀው በልጁ ላይ ነው፡፡

የሚሻለው ከደረቀ ወፍራም እንጨት ወይም ከአንግል ብረት የተበየደ፣ ፀረ ዝገት የተቀባ መቆሚያ ነው፡፡ የላይኛው ገጽ ከሣጥኑ ሥር የማይጠብ፣ ፍጹም ጠፍጣፋ ይሁን፡፡ የሣጥኑ ታች ባዶ መስተዋት ከሆነ ስስ ፎም ይነጠፍለት፤ አንዲት ጠጠር ከሥሩ ብትቀር መስተዋቱን ልትሰነጥቀው ትችላለችና፡፡

ደሴ በጦሳ ግርጌ በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ እንደመሆኗ፣ የቤት ወለል ሁሉ ልኩን ጠብቋል ማለት አይቻልም፡፡ ስለዚህ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ ልክ ተውሶ መለካት ነው፡፡ ወለሉ ካዘነበለ የሚስተካከለው ከመቆሚያው እግር ሥር እንጂ ከመስተዋቱ ሥር አይደለም፡፡ ወለሉ የጭቃ ከሆነ እግሮቹ እንዳይሰምጡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግላቸው፡፡ የጣውላ ወለል ከሆነም ከመሀል ይልቅ ግድግዳ ጥግ ይመረጥ፡፡ ከዚያም ሣጥኑን ሩብ ያህል ሞልቶ የውሃው ከፍታ በአራቱም ማዕዘን እኩል መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፡፡

ቦታውም ይታሰብበት፡፡ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ውሃ ቶሎ አረንጓዴ ይሆናል፡፡ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውጣ፤ ያን ጊዜ በገመዱ የሚወርደው ውሃ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ መሬት ይንጠባጠባል፡፡ ሶላት በሚሰገድበት ክፍል በቂብላው አቅጣጫ ባይቀመጥ መልካም ነው፡፡ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ሐሳባቸውን የወሰደባቸውን ባለ ሥዕል መጋረጃ እንዲነሣ ማዘዛቸውን እናስታውስ፡፡

አካባቢያችን ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ የራቀ አይደለም፡፡ በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶ ካራቆሬን ክፉኛ ጎድቷል፡፡ ስለሆነም መቆሚያውን በግድግዳው ላይ በብሎን ማሰር ተወኩልን አይቃረንም፤ ግመሉን አስሮ በአላህ እንዲመካ የታዘዘውን ሰው ታሪክ ሁላችንም ሰምተናልና፡፡

ወላጆች ሆይ! ለሣጥኑ የሚበቃ ገንዘብ ኖሮ ለመቆሚያው ካልተረፈ ግዢውን ማቆየት ይበጃል፡፡ ልጁ ለጥቂት ወራት ቢያኮርፍ ይታረቃል፤ የተሰበረ መስተዋት የሚያደርሰው ጉዳት ግን በይቅርታ አይመለስም፡፡ አላህ (ሱ.ወ) ቤቶቻችንንና ልጆቻችንን ይጠብቅልን፡፡ አሚን፡፡

ወሰላሙ ዐለይኩም፡፡