ደብዳቤ ደጅ ጥናት አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ግጥሞቼን በመጽሐፍ መልክ ለማሳተም በተመኘሁ ጊዜ፣ ለአንድ አንጋፋ ባለቅኔ ደብዳቤ ጻፍሁ። መቅድም እንዲጽፉልኝ መለመኔ ነበር። ደብዳቤው የሥነ ግጥማችን ዋርካ፣ የትውልድ ፋና፣ የማይነጥፍ ምንጭ እያለ ሦስት ገጽ ሙሉ ካወደሳቸው በኋላ፣ በመጨረሻው አንቀጽ ጉዳዩን ነካ አድርጎ ‹‹ምስጋናዬ የላቀ ነው›› በሚል ይዘጋል። 80 ግጥሞች የያዘ ረቂቅም አያይዤ ነበር። ምላሽ አልመጣም። እኔም እንደ ብዙዎቻችን ‹‹ታላላቆቻችን ለታናናሾቻቸው ጊዜ የላቸውም›› ብዬ አማኋቸው።

ባለፈው ክረምት ወረቀቶቼን ሳገላብጥ የዚያን ደብዳቤ ቅጂ አገኘሁት። አንብቤ ስጨርስ አፈርሁ። ግጥሞቼ ስለ ምን እንደሆኑ፣ ምን እንደሞከርሁባቸው፣ የቱ ላይ እንደተቸገርሁ የምትናገር አንዲት ዓረፍተ ነገር አልነበረችበትም። ሰውየው ከደብዳቤዬ የተረዱት ነገር ቢኖር እርሳቸው ታላቅ መሆናቸውን ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ከእኔ በፊት ያውቁታል።

ውድ አንባብያን፣ ስሕተቱ የእኔ ብቻ አይመስለኝም። በጥንቱ ሥርዓታችን ባለጉዳይ በጌታው ደጃፍ ቆሞ፣ ሲገባ እጅ እየነሣ፣ ሲወጣ እየተከተለ፣ ቀን ቈጥሮ ወር ቈጥሮ ደጅ ይጠና ነበር። በዚያ ሥርዓት የሚታየው የጉዳዩ እውነት ሳይሆን የሰውየው ትዕግሥትና ታማኝነት ነው። ደጃፉ ቢቀርም ልማዱ ወደ ብዕራችን ገብቷል። በሙያችን ለላቀ ሰው ስንጽፍ ሥራችንን ማሳየት ትተን በወረቀት ላይ ቆመን እጅ እንነሣለን።

የምሠራው በባንክ፣ ማመልከቻ በሚነበብበት ክፍል ነው። በየዕለቱ የሌሎችን ልመና ስለማነብ የራሴን ጉድለት ቀድሜ ማየት በተገባኝ ነበር። አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በእጁ የጻፈው ግማሽ ገጽ ማመልከቻ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ስንት መጠቀሚያ ዕቃ እንዳለው፣ ምን እንደጎደለው፣ ክሩን ከየት እንደሚገዛ፣ ሸማውን ለማን እንደሚሸጥ፣ ስንት ብር እንደሚፈልግና መቼ እንደሚመልስ ይናገራል። ስለ ባንካችን ዝና አንድም ቃል የለበትም። አንብቦ ለመወሰን ግን ሌላ ጥያቄ አላስፈለገም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል።

የዚህ ዓይነቱ ደብዳቤ ታላቁ ምሳሌ የመጣውም ከአንድ ጸሐፊ የቢሮ ጠረጴዛ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1913 በማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ በወደቡ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል በዓመት 20 ፓውንድ የሚከፈለው ስሪኒቫሳ ራማኑጃን ለካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ለጂ. ኤች. ሃርዲ ጻፈ። ማን እንደሆነና ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንደሌለው በጥቂት ቃል ተናገረ። ወዲያው ከሃርዲ ጽሑፍ አንድ ነጥብ አነሣ፦ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ ቁጥሮች ከተወሰነ ቁጥር በታች ስንት እንደሆኑ በትክክል የሚገልጽ ቀመር አልተገኘም የሚለውን። እኔ ወደ ትክክለኛው ውጤት በእጅጉ የሚቀርብ ቀመር አግኝቻለሁ አለ። ከዚያም ቀመሮቹን ገጽ በገጽ ደረደረ። ሃርዲ ኋላ እንደጻፈው ወደ 120 ይጠጉ ነበር። የጠየቀውም ትንሽ ነው፦ ይመልከቷቸው፤ ዋጋ ካላቸው፣ እኔ ድኻ ነኝና፣ እንዲታተሙ ቢረዱኝ።

ሃርዲ መጀመሪያ ተጠራጠረ፤ ከባልደረባው ከሊትልውድ ጋር ተቀምጦ ሲመረምር ግን እነዚያ ቀመሮች ከተራ ሰው እጅ እንዳልወጡ ተረዳ። የሚገርመው፣ ስለነዚያ ቁጥሮች ራማኑጃን አግኝቻለሁ ያለው ኋላ ስሕተት ሆኖ መገኘቱ ነው። ያም ሆኖ ደብዳቤው አልወደቀም፤ የቆመው በውዳሴ ወይም በአንድ ትምክህት ላይ ሳይሆን ሊመረመር በሚችል ሥራ ላይ ነበርና። በ1914 ካምብሪጅ ገባ፤ በ1918 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1920 በ32 ዓመቱ አረፈ። ከሃርዲ በፊት ለሌሎች የካምብሪጅ ሊቃውንት ጽፎ ፍሬ አለማግኘቱም አይዘንጋ። ዝምታ ሁልጊዜ ፍርድ አይደለም።

‹‹ሒሳብ ይመረመራል፤ ግጥም ግን በምን ይመዘናል?›› የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ፍራንዝ ካፑስ ለባለቅኔው ለራይነር ማሪያ ሪልከ ግጥሞቹን ላከ። ከግጥሞቹ ጋር የሄደው ደብዳቤ፣ ካፑስ ራሱ ኋላ እንደተናገረው፣ ልቡን ያለ መሸፋፈን የገለጠበት ነበር። ሪልከ በየካቲት 1903 መለሰለት፤ ግጥሞቹን ከመተቸት ይልቅ ወደ ራሱ እንዲመለከት መከረው። መጻጻፉ እስከ 1908 ዘለቀ። በ1929 ታትመው ዓለም የሚያነባቸው ዐሥሩ ደብዳቤዎች የተገኙት ከዚያ ወጣት ግልጽነት ነው። ግጥም በቀመር ባይመረመርም የላኪው እውነት ይታወቃል።

አክብሮት ይቅር ማለቴ አይደለም። ‹‹እርስዎ›› ይባል፣ ሰላምታው ይቅደም። ነገር ግን ታላቅን ማክበር የሚጀምረው ጊዜውን ከማክበር ነው። ‹‹ዋርካ ነዎት›› ከማለት ‹‹ከግጥምዎ በዚህኛው ውስጥ ስንኙን እዚህ ላይ የሰበሩበትን መንገድ ልማርበት ሞክሬአለሁ›› ማለት ይበልጣል፤ የመጀመሪያውን ያላነበበም ይጽፈዋል፣ ሁለተኛውን ግን ያነበበ ብቻ። 80 ግጥም መላክ ሸክም ነው፤ ሦስት መላክ ግብዣ ነው። ‹‹መቅድም ይጻፉልኝ›› የሚለው ወራት ይጠይቃል፤ ‹‹ከሦስቱ የትኛው ቢጣል ይሻላል?›› የሚለው በአንድ መስመር ይመለሳል።

ለታላላቆቻችንም አንዲት ቃል አለችኝ። ‹‹አልችልም›› ማለትም መልስ ነው። በራችሁን የሚያንኳኳው ወጣት ዝምታውን በራሱ ላይ እንደ ፍርድ ይቈጥረዋል፤ አንዲት መስመር ግን ዕድሜ ልክ ይዞ ይኖራል።

እኔ ባለፈው ወር ለእኒያው ባለቅኔ እንደገና ጻፍሁ። ግማሽ ገጽ ነው። ስለ ፊተኛው ደብዳቤ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሦስት ግጥሞች አያያዝሁ፤ አንድ ጥያቄ አቀረብሁ። እስካሁን መልስ አልደረሰኝም። ግን ደብዳቤውን ለመጻፍ ስል ከ80ው ሦስቱን መምረጥ ነበረብኝና፣ ስመርጥ ሃምሳ ያህሉ መታተም እንደማይገባቸው በገዛ ዓይኔ አየሁ። ይህን እንኳ ያወቅሁት ደጅ መጥናቴን ትቼ ሥራዬን ለማሳየት ስሞክር ነው።

ቸር ይግጠመን።