ሳይመረመር የሚፈረድበት ፖምፓ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። መኪና ሲቆም ግን ይህ ብሂል የሚዘነጋ ይመስለኛል። ዕድሜዋ የገፋ ኮሮላ ዳገት መካከል ትንፋሽ አጥሯት ቀጥ ስትል፣ ከከበቧት ሰዎች አንዱ «ፖምፓው ሞቷል፤ ቀይረው!» ማለቱ አይቀርም። ፍርዱ ምርመራውን ይቀድማል። ዛሬ ለዚህ ሳይመረመር ለሚፈረድበት ዕቃ ጥብቅና መቆም እፈልጋለሁ። ጥፋቱም የመካኒኩ ብቻ አይደለም፤ የባለመኪናው ድርሻ ይበዛል ባይ ነኝ።

የነዳጅ ፖምፓ ሥራው ቤንዚኑን ከሳልባትዮ፣ ማለትም ከነዳጅ መያዣው፣ ስቦ ለሞተሩ ማድረስ ነው። ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ከሞተሩ ጎን ተለጥፎ፣ ሞተሩ ራሱ በሚገፋው ክንድና ከፍ ዝቅ በሚል ስስ ዲያፍራም ይሠራል። የሚገፋበት ኃይል በአብዛኛው ከግማሽ ባር አይበልጥም። ኋላ በመጡት ኢንጄክሽን ባላቸው መኪኖች ደግሞ በኤሌክትሪክ ይሽከረከራል፤ ብዙውን ጊዜም ሳልባትዮው ውስጥ፣ ከነቤንዚኑ ይኖራል። ግፊቱም በአብዛኛው ከ2.5 እስከ 4 ባር ነው።

የቋንቋ ወዳጆች ልብ ሳትሉት አትቀሩም፦ ፖምፓ፣ ሳልባትዮ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሄደ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ፣ አማርኛም ሆኑ። ለየዕቃው ስም አለን። ለምርመራው ግን ዋጋ አላወጣንለትም።

ምርመራው ምን ይመስላል? ሞተር ለመነሣት እሳት፣ አየርና ነዳጅ ይሻል። ዐዋቂው መካኒክ አስቀድሞ የጎደለው የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቃል። ካንዴላው እሳት ይሰጣል? ከሰጠ፣ ሳልባትዮው ውስጥ በእርግጥ ቤንዚን አለ? አሮጌ ጌጅ ይዋሻልና። ፖምፓው የኤሌክትሪክ ከሆነ ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ይከፍትና ጆሮውን ወደ ኋላ ወንበር ይሰጣል። ለአንድ ሁለት ሴኮንድ እንደ ንብ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ከተሰማ ፖምፓው ነፍስ አለው። ካልተሰማም ሞቷል ማለት አይደለም፤ ፊውዙ ተቃጥሎ፣ ሪሌው ተበላሽቶ ወይም ሽቦው ዝጎ ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ቀርቶ ይሆናል። ማሳው ደህና ሆኖ፣ 12 ቮልቱ ፖምፓው ዘንድ መድረሱ በቴስተር ታይቶ፣ እሱ ግን ዝም ካለ ያን ጊዜ ይፈረድበት። ድምፅ እያሰማ ሞተሩ ከተራበ ደግሞ የተደፈነ ፊልትሮ ይኖር እንደ ሆነ ይታይ፤ ግፊቱም ይለካ።

ካርቡሬተር ባለው መኪና ነገሩ ይቀላል። ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቱቦ ነቅሎ ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት፣ እሳቱን ማቋረጥ፣ ከዚያ በሞተሪኖ ማስዞር ነው። ቤንዚኑ እየዘለለ ከፈሰሰ ፖምፓው ንጹሕ ነው። የሞተር ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ግን ዲያፍራሙ ሳይቀደድ አልቀረም። በሙቀት ቆሞ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ መኪናም ሌላ ምሥጢር ሊኖረው ይችላል። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ ቆላ ሲወረድ ቤንዚን ቱቦው ውስጥ ወደ እንፋሎት ቢለወጥ አይገርምም፤ ፖምፓ ደግሞ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም። እርጥብ ጨርቅ ለሚፈታው ችግር አዲስ ዕቃ መግዛት ለምን?

ነገሩ አሶሳ ላይ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከዚያ የሚላክ ዕቃ በነቀምት፣ በመንዲና በባምባሲ አልፎ ነው የሚደርሰው፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ ይህ መንገድ በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ሲቋረጥ አይተናል። አንድ የማውቀው ሰው በአሮጌ ፒክአፑ ማንጎ ከገጠር ወደ ገበያ ያመላልስ ነበር። መኪናው በማንጎ ወቅት ቆመ፤ ፖምፓ ነው ተባለ፤ ታዘዘ፤ ተጠበቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ ቢገጠም መኪናው አልነሣ አለ። የተበላሸው የክብሪት ቀፎ የምታህል ሪሌ ነበረች። ማንጎው ግን ሁለቱን ሳምንት አልጠበቀም፤ ከየዛፉ ሥር በሰበሰ።

እንግዲህ ወደ ባለመኪናው ልመለስ። መካኒኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያዳምጥና ሲለካ ቆይቶ አንዲት ፊውዝ ብቻ ቢቀይር፣ ደንበኛው «ለዚህች ነው ይህን ያህል?» ብሎ ይቆጣል። ያው መካኒክ ደህናውን ፖምፓ አውልቆ አዲስ ቢገጥምለት ግን አመስግኖ ይከፍላል። ዕቃው በእጅ ይዳሰሳላ! ዕውቀት አይዳሰስም። መመርመር የማያበላው ሰው መቀየርን ቢመርጥ ምን ይገርማል?

«ፖምፓው አርጅቷል፤ ቢቀየር ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ይጎዳል። ፖምፓ ያለ ምክንያት አይሞትም። ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚቸረቸረው ነዳጅ ቆሻሻና ውሃ ይዞ ሊገባ ይችላል። የኤሌክትሪኩ ፖምፓ ደግሞ የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ስለሆነ፣ ዘወትር ባዶ ሊሆን በተቃረበ ሳልባትዮ መንዳት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ገዳዩ ሳይታወቅ የሚገጠም አዲስ ፖምፓ የአሮጌውን ዕጣ ይከተላል። መቀየሩ ግድ ሲሆንም ግፊቱ ይውጣ፣ የባትሪው ማሳ ይፈታ፣ እሳት ይራቅ፣ ሳልባትዮው ይታጠብ፣ ፊልትሮው አብሮ ይለወጥ።

የነዳጅ መኪና ዘመን እያለፈ ነው ይባል ይሆናል። እርግጥ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እዚሁ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ጉባ ላይ የተገነባው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁንና አሮጌዎቹ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ፤ የኤሌክትሪኩም መኪና አንድ ቀን መቆሙ አይቀርም። ያን ጊዜም «ባትሪው ሞቷል፤ ቀይረው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። የባትሪው ዋጋ ደግሞ ከፖምፓ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። መካኒክ ዘንድ ስትሄዱ «ስንት ትቀይርልኛለህ?» ከማለታችሁ በፊት «መርምረህ ለመንገር ስንት ታስከፍላለህ?» በሉት። «ፖምፓህ ደህና ነው» ብሎ ቢመልሳችሁም ሒሳቡን ሳታጉረመርሙ ክፈሉት።