ኮሶ ሲመናመን፣ አባ ኮዳ ሲበዛ

በመርካቶ ያረጃችሁ እኩዮቼ፣ ደርቆ የታሰረ ቀይ የኮሶ ዘለላ ከእንቆቆና ከመተሬ ጎን ተዘርግቶ ይሸጥ የነበረበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ቤት ሁሉ በየጊዜው ወቅጦ፣ በጥብጦ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣው ነበር፤ የአፄ ቴዎድሮስ ባላንጣዎች ንጉሡን በኮሶ ሻጭ ልጅነት ሲሰድቡ፣ የሰደቡት የራሳቸውን ሆድ ያዳነውን ሙያ ነበር። ኪኒን ከመጣ ወዲህ ግን መድኃኒቱን ረሳን፤ ዛፉንም አብረን ረሳነው።

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ወንዱ ለብቻው፣ ሴቷም ለብቻዋ ይበቅላሉ፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቷ አበባ ነውና ዘር ሳይቋጥር ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ግንዷም ለጣውላ ሲጋዝ፣ የሚተካት አይኖርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከለከለ፤ አዋጅ ግን ያለ ጠባቂ ከመጥረቢያ አያስጥልም።

አባ ኮዳን ደግሞ ተመልከቱ። ራሰ በራ፣ ባለ ረጅም እግር፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ በውኃ ዳር እንዲራመድ የተፈጠረ ወፍ ሳለ፣ የከተማችን ጥራጊ በሚደፋበት በቆሼ ከለቃሚው ሰው ጋር ይሻማል። ችግኝ አፍሉልኝ፣ አዋጅ አውጁልኝ አይልም፤ የእኛ ዝርክርክነት ይበቃዋል። ስለዚህ መብዛቱን አይቶ ምድሪቱ ደኅና ናት የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ነፍስ ሲቀጥፍ፣ ክምሩ ለዓመታት በዓይናችን ፊት ያደገ ነበር፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ስለተጨመረ ለመድነው፣ ስለለመድነውም አልፈራነውም። ኮሶም የሚጠፋው እንዲሁ በየጥቂቱ ነው፤ በመጨረሻዋ ዛፍ ቀን ደወል አይደወልም፣ እኛም እንደ ወትሮው ገበያ ውለን እንገባለን።

ጊዜው ግን ገና አላለፈም። በትውልድ ቀያችሁ ደጋ መሬት ያላችሁ፣ ለመጪው ክረምት ችግኙን አሁኑኑ አስፈሉ፤ ችግኝ እስኪያብብ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት አይለይምና አንድ ብቻ ተክላችሁ አትመለሱ። አበባ የምታስለቅሙም ለዘር የሚሆን አስቀሩ፤ ጣውላ የምትገዙም ከየት ጫካ እንደመጣ ሻጩን ጠይቁ። ልጆቻችን ይህን ከእኛ ካላዩ ከማንም አይማሩትም።