ቼንሶ ገዝቶ እሪ በከንቱ

ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለው ሰፈር ስሙን ያገኘው፣ እንደሚነገረው፣ ገደሉና ጫካው የወንበዴ መደበቂያ በነበረበት ዘመን ነው። የተዘረፈ ሰው ቢጮህ ደራሽ አልነበረውምና «እሪ በከንቱ» ተባለ። ያ ጫካ ዛሬ የለም። ደራሽ የሌለው ጩኸት ግን አሁንም አለ። አንዱ የሚሰማው ከሞተር መጋዝ ገዢዎች ነው።

ነገሩ ሲጀመር ቀላል ይመስላል። ሁለት ሦስት ወጣቶች የእቁብ ብራቸውን አዋጥተው ቼንሶ ይገዛሉ። ባሕር ዛፍ እየቆረጡ፣ በቤት ጣሪያ ላይ ያዘነበለ ዛፍ እያወረዱ ሊተዳደሩ ነው። ወር ሳይሞላ ፒስተኑ ተጣብቆ ሞተሩ ይቆማል። ሻጩ «የአያያዝ ችግር ነው» ይላል። መለዋወጫ የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ እቁቡ ግን ገና አላለቀም።

እንግዲህ «የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ የትርፍ ጊዜ ወሬ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው። መልሱም ብዙ ሰው እንደሚያስበው በአንድ ስም አያልቅም።

🔹 ስለ ጉልበት

ስቲል ስሙ የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጀርመኑ ኩባንያ ከተመሠረተበት 1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ሙያ የቆየ ሲሆን ሰንሰለቱንም ምላሱንም ራሱ ይሠራል። የስዊድኑ ሀስክቫርና በ1689 እ.ኤ.አ. በጠመንጃ ፋብሪካነት ተነሥቶ በ1959 ወደ ቼንሶ የገባ ነው። ለከባድ ሥራ ከሚፈለጉት መካከል የስቲሉ ኤምኤስ 382 ባለ 72.2 ሲሲ ሆኖ 3.9 ኪሎዋት ይሰጣል። የሀስክቫርናው 272 ኤክስፒ በዚያው 72.2 ሲሲ 3.6 ኪሎዋት ያወጣል። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ዛፉ አያውቀውም።

ሦስተኛው ወገን በደርዘን ስሞች የሚሸጠው፣ አካሉ ግን አንድ ዓይነት የሆነው የቻይና «58 ሲሲ» ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩን ማመን አያስፈልግም፣ መለካት ይቻላል። የሲሊንደሩ ስፋት 45 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 33 ሚሊሜትር ከሆነ ስሌቱ 52.5 ሲሲ ይመጣል። ሽፋኑ ላይ 58 ተብሎ መጻፉ ለሞተሩ ጉልበት አይጨምርለትም።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ግን የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሯ ከጠረፍ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ጀርመንም ሠራው ቻይና ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። በወረቀት 3.9 ኪሎዋት የተባለው ፒያሳ ሲደርስ 3 ኪሎዋት ገደማ ነው። ካርቡሬተሩ ካልተስተካከለ ደግሞ ቤንዚን ይበዛበትና ያጨሳል። ለአዲስ አበባ ቤንዚኑ ተቀንሶ የተስተካከለውን መጋዝ ሳያስተካክሉ ወደ ቆላ መውሰድ የባሰ ነው፤ በቂ ቤንዚንና ዘይት ስለማያገኝ ይግልና ፒስተኑን ይበላል። «ብራንዱ አታለለኝ» ከሚባለው ብልሽት ውስጥ ጥቂት የማይባለው የአንዲት ብሎን ጉዳይ ነው።

🔹 ስለ ጥንካሬ

የቼንሶ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው። የራሱ የሞተር ዘይት ማጠራቀሚያ ስለሌለው የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በተቀላቀለው ዘይት ብቻ ነው። ስቲልና ሀስክቫርና በጥራት ዘይት 50 ለ 1 ይላሉ፤ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር። የመኪና ዘይት በግምት የሚያንቆረቁር ሰው እጅ የገባ ስቲል፣ መመሪያውን አንብቦ በልኩ ከሚቀላቅል ሰው የቻይና ቼንሶ ቀድሞ ይሞታል። ሰንሰለቱም እንዲሁ ነው። በፍቅፋቂ ፈንታ ዱቄት የሚተፋ ከሆነ ደንዟል፤ የደነዘውን እየተጫኑ መቁረጥ ሞተሩንም ሰውንም ይገድላል።

🔹 ስለ ዋጋ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጣ። ዋናውን ስቲል መግዛት ለብዙ ወጣት ሕልም ሆነ። ሕልሙን አይተው የተነሡ ደግሞ ብርቱካናማና ነጭ ቀለም ቀብተው፣ ስሙን ለጥፈው፣ በዋናው ዋጋ አካባቢ ፎርጅዱን ይሸጣሉ።

ከሦስቱ ምርጫዎች የከፋው ይህ ነው። በራሱ ስም የሚሸጥ የቻይና ቼንሶ ቢያንስ አይዋሽም። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ካርቡሬተሩና ሰንሰለቱ ከሌሎቹ የዓይነቱ ቼንሶዎች ጋር ስለሚለዋወጥ የሚጠግነው አይጠፋም። «የቻይና ነው» ማለት ብቻውንም ስድብ አይደለም፤ ስቲል ራሱ ቺንግዳዎ ከተማ ፋብሪካ አለው። ፎርጅዱ ግን የጀርመን ዋጋ አስከፍሎ የማንንም ኃላፊነት አይሰጥም።

ስለዚህ ዋጋን መለካት ያለበት የመግዣው ብር ብቻ አይደለም። ብሩ መጋዙ ለሚሠራበት ቀን ይካፈል። ከዓመት ዓመት ግንድ ለሚሰነጥቅ፣ ወኪልና መለዋወጫ በቅርብ ላለው ሰው ዋናው ስቲል ወይም ሀስክቫርና ብሩን ይመልሳል። በወር ሁለት ሦስት ቀን ለሚሠራ የቻይናው ይበቃል። ቤት ከቤት በተደገፈበት ተዳፋት ደግሞ ዛፍ የሚወርደው ከጫፉ እየተቆረጠ፣ በገመድ እየታሰረ ነውና 72 ሲሲ ተሸክሞ መውጣት ጉልበት ሳይሆን አደጋ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ቀላል መጋዝና የሰንሰለት ፍሬኑ በትክክል የሚይዝ መሆኑ ነው። ፍሬኑ የማይሠራ ቼንሶ በነጻም ቢሰጥ ውድ ነው።

🔹 ደራሹ ማን ነው?

የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሕጉ አለ። የሌለው ደረሰኙ ነው። ገዢው ጥቂት ብር ይቀነስለታል ሲባል ያለ ደረሰኝ ይገዛል፤ በዚያች ቅናሽ መብቱን ይሸጣል። ጥፋቱ የገዢው ብቻ ግን አይደለም። ሞተር የሚያስገባ ነጋዴ መለዋወጫና ዋስትና አብሮ እንዲያስገባ ማስገደድ፣ ፎርጅዱንም ከመደርደሪያ ማንሣት የመንግሥት ሥራ ነው። ችግኝ በየዓመቱ በሚቆጠርበት አገር ዛፍ በሚቆርጠው መሣሪያና በሚቆርጠው ሰው ላይ ዓይን መጨፈን አይገባም።

እስከዚያው ግን ገዢ ከቀለሙ በፊት ደረሰኙን፣ ከሲሲው በፊት መለዋወጫውን ይጠይቅ። ሱቁ ውስጥ አስነሥቶ ይሞክር፤ ፍሬኑን ይፈትሽ። በኋላ የሚጮህ ሰው ደራሽ እንዲያገኝ ማስረጃው በእጁ መሆን አለበት። ያለዚያ ጩኸቱ የሰፈሩን ስም ይዞ ይቀራል።