የመንደሩ ቤተ ክርስቲያንና እንግዳው ቫዮሊን

በምሥራቅ ኦስትሪያ፣ ከሃንጋሪ ድንበር አጠገብ፣ ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ሎከንሃውስ የምትባል መንደር አለች። ከኮረብታዋ ላይ የመካከለኛው ዘመን ምሽግ፣ ከሥሩ ደግሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የሪጋ ተወላጁ የቫዮሊን ሊቅ ጊዶን ክሬመር፣ ከደብሩ ቄስ ከዮሴፍ ሄሮቪች ጋር ሆኖ፣ የቻምበር ሙዚቃ ፌስቲቫል በዚህች መንደር የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1981 ነበር። ክሬመር በ1970 በሞስኮ የቻይኮቭስኪ ውድድር አሸናፊ በመሆኑ ታላላቅ አዳራሾች በራቸውን የከፈቱለት ሰው ነው። መንደር መምረጡ አስገራሚ ነበር። ከዚያ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሥርዓቱ ነው፤ ምን እንደሚቀርብ አስቀድሞ አይታወጅም፣ ዝርዝሩ የሚገለጸው ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ነው። አድማጩ የሚመጣው አምኖ ነው።

ጥበቡ ለአካባቢው ባዕድ አይደለም። የኳርቴት አባት የሚባለው ዮሴፍ ሃይድን እ.ኤ.አ. ከ1761 ጀምሮ የኤስተርሃዚ መሳፍንትን ያገለገለው በዚያው በዛሬው የቡርገንላንድ ግዛት፣ በአይዘንሽታት ነበር። ለሙስሊሙ አንባቢም ቢሆን ስፍራው ፈጽሞ ሩቅ አይደለም። ከሎከንሃውስ ብዙ ሳይርቅ፣ ከድንበሩ ማዶ በምትገኘው በኮሰግ፣ የሱልጣን ሱለይማን ጦር ወደ ቪየና ሲገሰግስ በ1532 ለሳምንታት ተገትቷል። ጦሩ ተመለሰ፤ የመህተሩ ከበሮ ግን ቀረ። ሃይድን ራሱ በ100ኛው ሲምፎኒው ውስጥ አስገብቶታል።

የሚያከራክረው የሙዚቃው ምንነት ሳይሆን የሚቀርብበት ቤት ነው። ቫቲካን እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 1987 በአብያተ ክርስቲያናት ስለሚደረጉ ኮንሰርቶች ደብዳቤ አውጥታ ነበር። ደብዳቤው ቤተ ክርስቲያን ለማንኛውም ስብሰባ የሚውል ተራ አዳራሽ እንዳልሆነ ያሳስባል። የሚቀርበው ሙዚቃ ሃይማኖታዊ እንዲሆን፣ ተጫዋቾች በመቅደሱ ክፍል እንዳይቀመጡ፣ አለባበስ የቦታውን ክብር የጠበቀ እንዲሆን፣ መግቢያውም ያለ ክፍያና ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዝዛል። አደብ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በመስጂድ ደጃፍ ጫማውን እያወለቀ ያደገ ሰው ይህን ደብዳቤ ለመረዳት ተርጓሚ አያሻውም።

ሆኖም ጥብቅነት ብቻውን መልስ አይሆንም። በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጂድ ውስጥ በጦራቸው ሲጫወቱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንድትመለከት ከልለው እንዳቆሟት በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ዑመር (ረ.ዐ) ሊከለክሏቸው ጠጠር አነሡ፤ ነቢዩም ተዋቸው አሉ። ሊቃውንት ጨዋታውን የጦር ልምምድ አድርገው ያዩታል፤ ስለዚህ ይህን ዘገባ በመስጂድ ውስጥ ኮንሰርት ለመፍቀድ ማስረጃ ማድረግ ስሕተት ነው። የዑመር ቅናትም ቢሆን ከንቱ አልነበረም፤ ለቤቱ ክብር የተነሣ ቅናት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ፈቃዱ ከማን እንደመጣ ነው፤ እንግዳው ራሱን አልፈቀደም፣ ያስተናገደው የቤቱ ባለቤት ነው።

በዛሬዪቱ አውሮፓ ይህ ሚዛን እየተናጋ ነው። ምእመን በሳሳባቸው መንደሮች የጣሪያ መጠገኛ ገንዘብ ከኮንሰርት ትኬት ሲጠበቅ፣ ባለቤቱ ጥገኛ፣ እንግዳው አከራይ ይሆናል። ከደብዳቤው ትእዛዛት ይበልጥ የሚጣሰውም በነጻ መግባት የሚለው ነው። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ አያቶቿ ድንጋዩን ያመላለሱ አሮጊት ከተማ ላይ የታተመ ትኬት ስላልገዛች ከገዛ ደብሯ ደጅ የምትቆም ከሆነ፣ በውስጥ የሚሰማው ዜማ የቱንም ያህል ቢረቅ ቤቱ ተወስዷል። በሙዚቃው ዓይነት ላይ ግን ደብዳቤው ጠበብ ያለ ይመስላል። በሎከንሃውስ የሾስታኮቪች የመጨረሻ ዘመን ኳርቴቶች ተደምጠዋል፤ ሾስታኮቪች ደግሞ እግዜር የለሽ በሆነ ሥርዓት የኖረ፣ በ1960 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል የሆነ ሰው ነው። በመዝገብ ሲታይ ሃይማኖታዊ የሚባል አይደለም።

ነገር ግን በ1970 የጻፈውን 13ኛውን ኳርቴት ያደመጠ ሰው ለማን እንደተጻፈ ለመጠየቅ ይገደዳል። አንድ ወጥ፣ ዘገምተኛ፣ ሞትን የሚያውቅ ሥራ ነው። በመካከሉ ተጫዋቾቹ የቀስታቸውን እንጨት ገልብጠው የመሣሪያውን ደረት ያንኳኳሉ፤ በር የሚያንኳኳ ሰው ያለ ይመስላል። በፍጻሜው ቪዮላዋ ብቻዋን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ትወጣለች፤ እጅግ ከፍ ባለች አንዲት ድምፅ ላይም ትቆማለች። ቫዮሊኖቹ ያችኑ ድምፅ ይዘው ይቀላቀሏታል፤ ድምፁም እየበረታ ሄዶ በድንገት ይቋረጣል።