የወረቀቱ ቋንቋ በሞያሌ

አጠቃላይ እንግሊዝኛ የሚባለው ትምህርት ለአንድ ሙያ ወይም ለአንድ ፈተና ብቻ ያልታሰበ፣ ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን አንድ ላይ ይዞ ከጀማሪ ደረጃ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። የቋንቋ ኮሌጆችና የማታ ትምህርት ቤቶች ለጎልማሶች በብዛት የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ከሚያስተምሩባቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ እንግሊዝ አገር የተዘጋጁ ናቸው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ጎልማሳ ሆቴል ይይዛል፣ ምግብ ቤት ገብቶ ያዝዛል፣ መንገድ ጠፍቶት አላፊ አግዳሚውን ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡና ስለ ብርዱ ከማያውቀው ሰው ጋር ያወጋል። ሞያሌ የሚኖር ጎልማሳ ለዚህ ሁሉ እንግሊዝኛ አያሻውም። እርሱ እንግሊዝኛ የሚቸግረው ሌላ ቦታ ነው።

ሞያሌ በኬንያና በኢትዮጵያ መካከል ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። ድንበሩ የአፄ ምኒልክ መንግሥትና ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1907 ከተዋዋሉት ስምምነት የመጣ ሲሆን፣ የደቡቡ ሞያሌ ዛሬ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ይገኛል። መሥመሩ ቋንቋን አልለየም። ቦረናው ወዲያም ወዲህም ኦሮምኛ ይናገራል፤ ሶማልኛና ቡርጂኛ በሁለቱም በኩል ይሰማሉ፤ አማርኛ ወደ ደቡብ፣ ስዋሂሊ ወደ ሰሜን ይሻገራሉ። አንዲት ፍየል ገበያ ላይ ስትሸጥ ዋጋዋ በኦሮምኛ ተጠርቶ፣ በሶማልኛ ክርክር ወርዶ፣ ገንዘቡ በስዋሂሊ ሊቆጠር ይችላል። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ድረስ የሚደውል ነጋዴም ቢሆን ዕቃ አቅራቢው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚያውቅ ከሆነ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይስማማል። በዚህ ከተማ ሦስትና አራት ቋንቋ መናገር እንደ ልዩ ችሎታ አይቆጠርም።

ወረቀት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ስዋሂሊን ብሔራዊ ቋንቋ፣ ስዋሂሊንና እንግሊዝኛን ደግሞ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አድርጓል፤ ቅጹ፣ ውሉና የመድኃኒት ማዘዣው በአብዛኛው የሚጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በሞያሌ የጋራ የድንበር መፈተሻ ጣቢያውን ከመረቁ ወዲህ፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚሻገር ሰነድ ሁለቱም ወገን ሊያነበው በሚችለው ቋንቋ መዘጋጀት አለበት፤ ያም እንግሊዝኛ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የታተመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ ውስጥ የተጀመረው፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ኤምፔሳ የሚልከው የስልክ መልእክት ሳይቀር ከላኪው ስም እስከ ቀሪው ሒሳብ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ብዙ ነጋዴዎች በቀን ደጋግመው የሚያዩት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እንግሊዝኛ ለሞያሌ ጎልማሳ በመጀመሪያ የወረቀት ቋንቋ ነው። የቋንቋ ኮሌጆች ማስታወቂያዎች «በአጭር ጊዜ አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚሉት ከተማው ቀድሞውኑ በሌሎች ቋንቋዎች የሞላውን ክፍተት ለመሙላት ነው። ያልተሞላው ክፍተት ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። ያልተረዳውን ውል የሚፈርም፣ ጓደኛው የሞላለትን ቅጽ ሳያነብ የሚያቀርብ፣ የመድኃኒቱን አወሳሰድ ከብልቃጡ ላይ ማንበብ ያልቻለ ሰው የሚከፍለው ዋጋ መናገር አቅቶት ዝም ከሚል ሰው ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ትምህርት ከሆቴሉ ምልልስ ወጥቶ ወደ ቅጹ መምጣት አለበት።

ቅጹ የሚጀምረው በስም ነው፤ የመጀመሪያውም ችግር እዚያው ነው። እንግሊዝኛው ቅጽ የራስን ስምና የቤተሰብ ስምን ለይቶ ይጠይቃል። በዚህ አካባቢ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም በባህሉ የለም። አንዱ ቅጽ ላይ የአባቱን፣ ሌላው ላይ የአያቱን ስም የጻፈ ሰው በወረቀት ላይ ሁለት ሰው ይሆናል። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙ ዕለት ባለቤታቸው አንድ ሰው መሆኑን ማስረዳት ይኖርበታል።

የስሙ አጻጻፍ ከዚህም ይከብዳል። ሶማልኛ እ.ኤ.አ. በ1972 የላቲን ፊደልን የጽሕፈት ፊደሉ ሲያደርግ ኤክስ ለሐ ድምፅ፣ ሲ ደግሞ ለዐ ድምፅ ተሰጡ። ኦሮምኛ በ1984 ዓ.ም. ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ ሲጀምር ኤክስ የጥ፣ ሲ የጭ ድምፅ ምልክት ሆኑ። በሶማልኛ ሥርዓት መሐመድ መካከሉ ላይ ኤክስ ይዞ ይጻፋል፤ ዐሊ በሲ ይጀምራል። በቁቤ ጫልቱም በሲ ትጀምራለች። እነዚህን ስሞች እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ጸሐፊ ሲያገኛቸው ዐሊ «ካሊ»፣ ጫልቱ «ካልቱ» ይሆኑበታል። ይህ የተማሪው ድክመት አይደለም፤ ተማሪው ፊደሉን ያውቃል፣ የሚያውቀው ግን በሌላ ድምፅ ነው። አስተማሪው ይህን ካልተረዳ በራሱ ቋንቋ አንባቢ የሆነውን ሰው ማንበብ የማይችል አድርጎ ይገምተዋል።

ዕድሜም የራሱን ልዩነት ያመጣል። ኢትዮጵያ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ስትጀምር፣ ኬንያም እ.ኤ.አ. በዚያው በ1979 የራሷን ብሔራዊ የማንበብና የመጻፍ ዘመቻ ጀምራለች። በኢትዮጵያው ዘመቻ ኦሮምኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ ፊደል የቆጠረ የቦረና ሽማግሌና በቁቤ የተማረ ልጁ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ በሁለት ፊደል ያነባሉ። ለአባት የእንግሊዝኛው ፊደል ቅርጹ ራሱ እንግዳ ነው፤ ለልጅ እንግዳ የሚሆንበት ድምፁ ነው። ሁለቱን በአንድ ክፍል፣ ከአንድ ገጽ ማስጀመር ለሁለቱም አይበጅም።

ከስም በኋላ የትውልድ ቀን ይመጣል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ከጎርጎርዮሳዊው 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ሳያሰላ ቅጽ የሞላ ሰው በአንድ ሰነድ 30፣ በሌላው 38 ዓመት ይሆነዋል። ቦረና ደግሞ ዘመኑን በአባ ገዳው ስም ይጠራል፤ አንዱ የገዳ ዘመን 8 ዓመት ነው። «በጅሎ አጋ ገዳ ተወለድሁ» የሚል ሰው እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1984 ገደማ ባለው ጊዜ ተወለድሁ ማለቱ ነው። ይህ ሥርዓት ያለው ዕውቀት ነው፤ እንግሊዝኛው ቅጽ የሚፈልገው ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ነው። አንዱን ወደ ሌላው መመለስ ከመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝኛ ትምህርቶች እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባል።

ሰዓት ላይ ደግሞ የከተማው ሰው ሳያስበው የሚጠቀምበት መደላድል አለ። በአማርኛ ጠዋት አንድ ሰዓት የሚባለው በስዋሂሊም አንድ ሰዓት ነው፤ ሁለቱም ከንጋት ይቆጥራሉ። እንግሊዝኛው ግን ሰባት ይለዋል። ሁለቱን የአካባቢ ቋንቋዎች የሚያውቅ ተማሪ ልዩነቱ በአንድ ጊዜ ይገባዋል፤ ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ብቻ ነው። አውቶቡስ እንዳያመልጠው የሚረዳው ይህ ስሌት ግን ለሌላ አገር በተዘጋጀ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም።

እንዲህ ያለ መደላድል በድምፅም አለ፤ የሞያሌ ክፍል ከሌላው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ምላስን ወደ ጥርስ አስጠግቶ የሚጠራው፣ አማርኛ ተናጋሪ ወደ ስ ወይም ወደ ዝ የሚመልሰው ድምፅ በስዋሂሊ አለ፤ ሠላሳ ለማለት የሚያገለግለው የስዋሂሊ ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል። ስዋሂሊን አጥርቶ የሚናገር ተማሪ ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም። የአናባቢ ርዝመት በኦሮምኛም በሶማልኛም የቃል ፍቺ ይለውጣል፤ በአማርኛ የሚለውጠው የተነባቢ መጥበቅና መላላት ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን በግና የእንግሊዝኛውን መርከብ ለይቶ መጥራት ለኦሮምኛና ለሶማልኛ ተናጋሪ ይቀላል፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ይከብዳል፤ መርከብ በሌለበት፣ በግ ግን በየቀኑ በሚሸጥበት ከተማ ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም። በአንጻሩ ሶማልኛ የፕ ድምፅ ስለሌለው ፓስፖርት «ባሳቦር» ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ቃል በሁለት ተነባቢ ሲጀምር እ ይጨምርበታል፤ «እስኩል» ይላል። ክፍሉ ውስጥ የአንዱ ችግር የሌላው ችሎታ ስለሆነ፣ ብልህ አስተማሪ ሶማሊውን ከአማርኛ ተናጋሪው፣ አማርኛ ተናጋሪውን ከቦረናው አጠገብ ያስቀምጣል።

ከኢትዮጵያ በኩል የመጣ ጎልማሳ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረ ከሆነ እንግሊዝኛን ለዓመታት እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ወስዶታል። የግስ እርባታ ሸምድዷል፤ አፉን ከፍቶ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር አይጨርስም። ከኬንያ በኩል ከትምህርት ቤት ርቆ ያደገ እኩያው ደግሞ እንግሊዝኛን ከሬዲዮ፣ ከሾፌርና ከፖሊስ በጆሮው ለቅሞ ይግባባል፤ የተጻፈውን ግን አያነብም። የመግቢያ ፈተናው በጽሑፍ ብቻ ከሆነ ሁለተኛውን፣ በቃል ብቻ ከሆነ የመጀመሪያውን ከታች ጀማሪ አድርጎ ይጥለዋል። ንባቡና ንግግሩ ለየብቻ መለካት አለባቸው። ይህን የማያደርግ ኮሌጅ ተማሪው የሚያውቀውን እንደገና በገንዘቡ እንዲገዛ ያደርገዋል፤ ይህም ቀላል በደል አይደለም።

ስለ ጊዜው ቁርጡን መናገር ያስፈልጋል። በአውሮፓ የጋራ መለኪያ የቋንቋ ችሎታ በስድስት እርከን ይከፈላል። የካምብሪጅ የፈተና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ ሁለተኛው እርከን ላይ ለመድረስ ከ180 እስከ 200 ሰዓት፣ ሦስተኛው ላይ ከ350 እስከ 400፣ አራተኛው ላይ ከ500 እስከ 600 ሰዓት የአስተማሪ እገዛ ያለበት ትምህርት ይፈልጋል። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚማር ሰው በሳምንት 7 ሰዓት ተኩል ያገኛል። በሦስት ወር የሚያከማቸው ከ100 ሰዓት በታች ነው። ሁለተኛው እርከን ስድስት ወር ገደማ፣ ሦስተኛው አንድ ዓመት ገደማ ይወስድበታል፤ ያውም ሳይቀር ከተማረ። ረመዳን ሲገባ የማታው ክፍል ከማፍጠሪያ ሰዓት ጋር ይጋጫል፤ የገበያ ቀን፣ ሠርግና ለቅሶም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የሦስት ወር ተስፋ የሚሰጥ ማስታወቂያ ይህን ሒሳብ ከተማሪው ይሰውራል።

ጎልማሳ ቋንቋ አይገባውም የሚለው አስተሳሰብም መሠረት የለውም። ካትሪን ስኖውና ማሪያን ሆፍናገል-ሆህለ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት፣ ኔዘርላንድስ ሄደው ደችኛ ከተማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መካከል በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀድመው የተገኙት ጎረምሶችና ጎልማሶች ነበሩ። ሕፃን በስተመጨረሻ የሚበልጠው በተለይ በአነጋገር ለዛው ነው። ቅጽ ለመሙላት ለዛ አያስፈልግም።

የቃላቱም ብዛት የሚያስፈራ አይደለም። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ዝርዝር ወደ 2,000 የሚጠጉ የቃል ቤተሰቦችን ይዞ ከተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ 80 በመቶ ገደማ ይሸፍናል። ከዚያ ውስጥ ጥቂት የማይባሉትን የሞያሌ ሰው በሌላ በር ያውቃቸዋል። ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ብስክሌት ታክሲ ስሙን ያገኘው በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ ሰው ለማሻገር ድንበር፣ ድንበር ብለው በእንግሊዝኛ ከሚጠሩ ሰዎች ነው። አንዳንዱ ቃል ግን ያሳስታል፤ ፋብሪካ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ የሚመስለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሙ ጨርቅ ነው።

መናገር የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱም ቢሆን የራሱ ቦታ አለው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሾፌርና ከሞምባሳ የመጣ ሾፌር ድንበሩ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንዱ ስዋሂሊ አያውቅም፣ ሌላው አማርኛ አያውቅም፤ ኦሮምኛም ሁለቱም ላይኖራቸው ይችላል። የሚያወሩት ስለ ጎማ፣ ስለ ናፍጣ፣ ስለ ሰልፉና ከፊት ስላለው መንገድ ነው። ለዚያ ሁለተኛው እርከን ይበቃል።